ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ

ጅዳ፣ በሰው ቤት ሠራተኛነት አራተኛ ዓመቴን ስይዝ ታናሽ እህቴን ሊልኳት ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። ላኪው የመንደራችን ደላላ ነው፤ እኔንም የላከኝ እሱ ነው። ማስቀረት ነበረብኝ፤ ግን በምን በኩል? እኛ መንደር ኔትወርክ የሚይዘው ደላላው ጓሮ ብቻ ነበር። ስደውል ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው፤ አባቴን አስጠርቶ፣ ላውድ አድርጎ፣ አጠገባቸው ቁጭ ይላል። የደረሰብኝን ነገር በዚያ ስልክ እንዴት ብዬ ላውራው?

አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ኮምፒውተር ቤት ከፍቶ ነበር። ዓረብ አገር ያለን ሰዎች በኢንተርኔት የምንልክለትን ጽሑፍ አትሞ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቶ፣ በገበያ ቀን ከየመንደሩ በመጣ ሰው እጅ ቤት ድረስ ያደርሳል። ፌስቡክ ላይ ሲያስተዋውቅ አይቼው ነው። አሠሪዬ ማዳም ሰርግ በሄደችበት ቀን ኩሽና ተቀምጬ በስልኬ ጻፍኩ። ከውጭ ስለሚቆለፍብኝ በር፣ ስለተነጠቅኩት ፓስፖርት፣ ስለ ቤቱ ትልቅ ልጅ፣ ለአባት የማይነገረውን ሁሉ ጻፍኩ። እሷን ከላካችኋት እኔን እንደሞተች ቁጠሩኝ ብዬ ጨረስኩ።

ልጁን የላኪ ስም እንዳትጽፍ አልኩት። ወረቀቱ በብዙ እጅ ስለሚያልፍ ወሬው ደላላው ጆሮ እንዳይገባ ብዬ ነው፤ ብልጥ መሆኔ ነበር። እሱም በበኩሉ ሥራውን አሳመረ። ፖስታው ላይ የአባቴን ስም እስከ አያት በኮምፒውተር ጽፎ፣ ከሥሩ «ባሉበት» ብሎ፣ የኮምፒውተር ቤቱን ክብ ማኅተም አሳረፈበት። ፎቶውን ሲልክልኝ ደስ አለኝ። ቁርጥ የቢሮ ደብዳቤ ይመስል ነበር።

አባቴ ቁርኣን ያስቀራሉ። አማርኛም ቀስ ብለው ያነባሉ፤ የእኔን የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ከሩቅ ይለዩታል፤ ማመልከቻቸውን ሁሉ ስጽፍላቸው የኖርኩት እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን ከጎረቤት ጋር በመሬት ድንበር ተካሰው ነበር። በአንድ ለአምስት ዘመን እኛ ቀበሌ ማኅተም ያለው ወረቀት የሚመጣው ወይ ለስብሰባ፣ ወይ ለመዋጮ፣ ወይ ለክስ ነው። መጥሪያ ካልተቀበልክ እንዳልተጠራህ ነው የሚል እምነትም አገሩን ሁሉ ይዞት ነበር።

በሳምንቱ ልጁ ጻፈልኝ። አባትሽ ፖስታውን ገና ከሩቅ ሲያዩ አልቀበልም ብለው መለሱት፣ ምን ላድርግ አለኝ። ስሜን በትልቁ ጽፈህ መልሰህ ላክ አልኩት። ለዚያ ደግሞ የሚቀጥለውን ገበያ መጠበቅ ነበረበት።

ከገበያው ቀን በፊት አባቴ ከደላላው ቤት ደወሉ። ድምፃቸው እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም።

«መጥሪያ ይዘው መጥተውብኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም ብዬ መለስኳቸው። እህትሽም ትናንት በሰላም በረረች፣ አልሐምዱሊላህ።»

ደላላው ከጎናቸው ሲስቅ ይሰማኛል። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ልጁንም ደብዳቤውን አትላከው፣ ቅደደው አልኩት።

እህቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰች። በጥፊ ብዛት አንድ ጆሮዋ አይሰማም። ማን እንደመታት ስትጠየቅ ፊቷን አዙራ ትወጣለች። እኔም ጠቅልዬ ገብቼ ነበርና አንድ ቀን እሷ ስትወጣ አባቴ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ እዚያው ነበርሽ። ምናለ አንድ ቃል ብትነግሪን ኖሮ?»

ያን ያህል ዓመት የያዝኩት አፌ ላይ መጣ።

«ጽፌ ነበር አባ። መጥሪያ ነው ብለው የመለሱት ደብዳቤ የኔ ነበር።»

የሙስበሃቸውን ዶቃ መቁጠር አቆሙ። «ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍሽ የለበትማ» አሉኝ።

ንድድ አለኝ። ልጮህባቸው አፌን ስከፍት ግን የማዳም ቤት ትዝ አለኝ። ያ ቤት ወረቀትና እስክሪብቶ ሞልቶ ነበር። የፖስታውን አድራሻ ጭምር በእጄ ጽፌ በስልኬ ፎቶ ባነሳው ልጁ ያንኑ አትሞ፣ ፖስታው ላይ ለጥፎ ይልከው ነበር። የኮምፒውተሩ ፊደል ያምራል ብዬ ነው የተውኩት።