የማሳያው ስልክ

በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ለሥራ ባልደረቦቹ ማኑዋል ነው፤ ለባለሱቁም ማኑዋል፣ ለደንበኛውም ማኑዋል። ስሙ የወጣለት ያለ ነገር አይደለም። አዲስ ስልክ ወደ ሱቁ በመጣ ቁጥር ሌላው ሻጭ ማኑዋሉን፣ ያን የመመሪያ መጽሐፍ፣ ወደ ጥግ ወርውሮ ቁልፉን በነሲብ ሲደቁስ፣ እሱ ያቺን ጉንዳን የምታህል ጽሑፍ ዓይኑን አጥብቦ ከዳር እስከ ዳር ያነባታል። ካነበበ በኋላ ደግሞ አፉን ለእሱ ተዉለት! ስለ ባትሪ ዕድሜ ሲያወራ እንኳ ሰው መንገዱን ረስቶ ቆሞ ይሰማዋል። ይሄ ልጅ ድንጋይ ሸጦ ይገባል ይሉት ነበር፤ ሳያጋንኑ ነው።

ምን ያደርጋል፣ ያ ሁሉ ምላስ ለራሱ አንድ ቀን አልሠራለትም። ከባለሱቁ ፊት ሲቆም ከ«እሺ ጋሼ» በቀር ቃል አያውቅም። ደመወዝ ሲዘገይ እሺ ጋሼ፤ እሑድ ግባ ሲባል እሺ ጋሼ፤ ሌላው ለሰበረው መስታወት ሲሰደብም እሺ ጋሼ። እናቱ በዚህ ነገር አንጀቷ ይቃጠል ነበር። ሆቴል ቤት አንሶላ ስትተኩስ ዕድሜዋን የፈጀች፣ እሱንና ታላቅ እህቱን በዚያ እንፋሎት ውስጥ ያሳደገች ሴት ናት፤ ግን ለማንም አለቃ አፏን ዘግታ አታውቅም። «አንተ ልጅ፣ አንዴ እንኳ እምቢ ብትል አፍህ ይጣመማል?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል።

የነጋዴ ስልክ የሚሉት ወደ ሱቁ የመጣው ካሜራ ያለው ስልክ ራሱ ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። ሰፋ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ኪስ የሚያጎብጥ ነገር። ከስክሪኑ ሥር ፊደላቱ በሙሉ በትንንሽ ቁልፍ ተደርድረዋል። ኢሜይል ይልካል፣ ቀጠሮ ያስታውሳል፣ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ይከፍታል፣ ድምፅ ይቀርጻል፤ ከጀርባው ደግሞ አተር የምታህል ካሜራ አለችው። ዋጋውን የጠየቀ ሁሉ ግን «ወይ ጉድ!» ብሎ ቀስ አድርጎ ወደ መስታወቱ ይመልሰዋል። ባለሱቁ ያመጣው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሳይሸጥ ማሳያ ሆኖ ቀረ። ሲያየው ደሙ ይፈላል።

ማሳያ ስልክ ደግሞ መስመር ከሌለው ምን ዋጋ አለው? ደንበኛው ሲደወልበት ማየት ይፈልጋል። ባለሱቁ ለዚህ ብሎ ሲም መግዛት ቀንድ እንደ ማብቀል ከበደው።

«አንተ ሲም የለህም እንዴ?»

«አለኝ ጋሼ።»

«ታዲያ!»

በዚሁ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ማኑዋል ጠዋት ሲገባ ሲሙን ከራሱ አሮጌ ስልክ አውጥቶ ማሳያው ላይ ይከታል፤ ማታ ሲወጣ ይመልሳል። በመሃል ለእሱ የተደወለ ሁሉ፣ ያክስት ልጅም ይሁን አከራይ፣ በደንበኛ ፊት ይጮሃል። አንድ ቀን እናቱ ብቅ ስትል ፎቶ አነሳትና ከቁጥሯ ጋር አገናኘው። እሷ ስትደውል ፊቷ ስክሪኑ ላይ ድቅን ይላል፤ ደንበኞች ይሄን ሲያዩ እንደ ሕፃን ያጨበጭባሉ። እናቱም ነገሩ ሲገባት፣ «እኔን እያየ ነው እንዴ ሰው የሚገዛው? ታዲያ ድርሻዬን ስጡኛ!» ብላ ሱቁን በሳቅ ገደለችው። ባለሱቁ ብቻ አልሳቀም።

ብዙም ሳይቆይ እናቱ ታማ ሆስፒታል ገባች። እህቱ የእናቷን ስልክ ይዛ ከአልጋው ሥር አልተነሳችም። እሱ ማታ ማታ እየሄደ ሲያያት ከረመና፣ አንድ ቀን ጠዋት ገና ሲሙን ከመክተቱ ስልኩ ጮኸ።

«እየጠራችህ ነው» አለችው እህቱ። «ሐኪሙ ልጆቿ አጠገቧ ይሁኑ ብሏል። ማታ አይደለም፣ አሁን ና። በናትህ ቶሎ ድረስ!»

ማኑዋል ወደ ባለሱቁ ሄደ። የተባለውን አንድ ሳያስቀር ነገረው። ባለሱቁ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

«አንድ ኮንትራክተር ያንን ማሳያ ስልክ ሊያይ እየመጣ ነው» አለ። «ስልኩን ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም። ሸጠህ ሂድ። ሆስፒታሉ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

«ጋሼ፣ ሐኪሙ እኮ…»

«ሐኪም የማይለው ነገር አለ? ዛሬ ያ ስልክ ካልወጣ፣ ነገ አንተ ትወጣለህ።»

«እሺ ጋሼ።»

ኧረ ምነው! በሩ ክፍት፣ መንገዱ ክፍት፣ ታክሲው ከደጅ ቆሟል። ግን የእናቱን መድኃኒት የሚገዛው በዚሁ ደመወዝ ነው፤ ነገ ሥራ ፈትቶ በምን ሊያሳክማት ነው? ባዶ እጄን እንዴት እገባባታለሁ እያለ ልቡ ለሁለት ተከፈለ። ቶሎ ሸጬ እበራለሁ ብሎ ራሱን አታለለ።

ኮንትራክተሩ የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ዘግይቶ መጣ፤ የመኪና ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ፤ ወንበር ሳበ፤ ተደላድሎ ተቀመጠ። «እስቲ ተናገር፤ አፈኛ ነህ አሉ» አለ።

ማኑዋል ተናገረ። ሲያዩት ምንም ያልሆነ ሰው ነው። ካሜራውን አሳየ፤ የሕንፃውን ሥራ ፎቶ አንስተው ቢሮዎ ሳይደርሱ በኢሜይል ይልኩታል አለ። ኮንትራክተሩ ደስ አለውና መሞከር አማረው። ጥግ ላይ ሂሳብ የምትሠራውን የሱቁን ካሸር «ጥርስሽን አሳዪና እስቲ» ብሎ አነሳት፤ ጨለመ። ወደ መስኮቱ አስጠጋና ደግሞ አነሳት፤ አልወደደውም። ለሦስተኛ ጊዜ ቁሚ አላት። ካሸሯ ቆማ የምታየው ካሜራውን ሳይሆን የማኑዋልን ፊት ነበር። አላስቻላትም።

«ጋሼ፣ እናቱ እኮ በጠና…» አለች ወደ ባለሱቁ ዞራ።

«አንቺ ሂሳብሽን ሥሪ!»

ኮንትራክተሩ ይሄን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቀጠሮ ሲመዘገብ አሳየኝ አለ፤ ማኑዋል አሳየው። ሰነድ ክፈትልኝ አለ፤ ከፈተለት። በዚህ መሃል የኮንትራክተሩ የራሱ ስልክ ጮኸና ስለ ሲሚንቶ ሲጨቃጨቅ፣ ማኑዋል ሁለት እጁን አጣምሮ ጠበቀው። ሰውየው ጭቅጭቁን ጨርሶ፣ «ምን ላይ ነበርን?» አለ። ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ያኔ የማሳያው ስልክ ጮኸ። የእናቱ ፊት ስክሪኑ ላይ ድቅን አለ፤ ነጠላዋ ከራሷ ሸርተት ብሎ፣ ልትስቅ ስትል።

«ይሄውና!» አለ ኮንትራክተሩ ከወንበሩ ተነስቶ። «ደዋዩን በፎቶ ያሳያል ያሉኝ ይሄንን ነው! ማን ናት?»

«እናቴ ናት ጋሼ። ይቅርታ፣ አንዴ ወጣ ብዬ ላነጋግራት…»

«ለምን ትወጣለህ? ድምፁን ክፈተውና እዚሁ አነጋግራት፤ እኔም ድምፁን ልስማው።»

ማኑዋል ባለሱቁን አየው። ባለሱቁ በአገጩ ክፈተው አለው። ልጁ ምን ይመስላችኋል ያሰበው? ተሽሏት ይሆናል፣ ራሷ ትሆናለች የደወለችው ብሎ ነው ያሰበው። ቁልፉን ተጫነ።

«እማዬ ሄደች!» አለ የእህቱ ድምፅ። ሱቁን ሞላው። «ወንድሜ፣ እማዬ ሄደች! መንገድ ላይ ነው፣ ደረሰ፣ ደረሰ እያልኩ ስዋሻት… ዓይኗ በሩ ላይ እንደቀረ ሄደች! የት ነው ያለኸው? ከእሷ የሚበልጥብህ ምንድን ነው? ሃሎ? አትሰማኝም?»

ድንጋይ ይሸጥበታል የተባለው ያ ምላስ ታሰረ፤ ለእህቱ አንድ ቃል ሳይመልስላት መስመሩ ተቋረጠ። ካሸሯ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

«ውይ፣ ውይ» አለ ኮንትራክተሩ። «የእውነት ነው እንዴ? እግዜር ያጽናህ ወንድሜ።» ከዚያ ወደ ባለሱቁ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥራቱ ግን የጉድ ነው! ሴትየዋ እኮ እዚሁ መሃላችን የቆመች ነው የምትመስለው። ወስጄዋለሁ።»

የባለሱቁ ፊት ከስንት ጊዜ በኋላ ፈካ። ወዲያው ደግሞ የሐዘን ፊት አበጀና እጁን ማኑዋል ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ አለው።

«አይዞህ ልጄ። የፈራኸው ደርሷል፤ እንግዲህ የሚያስቸኩልህ ነገር የለም። ኢሜይሉን ክፈትለትና ትሄዳለህ።»

ካሸሯ እምቢ በለው፣ አንዴ እምቢ በለው ብላ በዓይኗ ለመነችው። ማኑዋል መሬት መሬት ያያል።

«እሺ ጋሼ» አለ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ እናቱ እንደገና ድቅን አለች። ኮንትራክተሩ አሁን ከፎቶው ላይ ዓይኑን አሸሸ። «በል የኔን ሲም ክተትበት፤ ይሄ ሲጮህ አንሠራም» አለ። ማኑዋል ክዳኑን አንስቶ ባትሪውን ነቀለ፤ ጩኸቱ ቆመ። የራሱን ሲም አውጥቶ ደረት ኪሱ ከተተ። እህቱ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደደወለች እግዜር ይወቅ።

ስልኩ በኮንትራክተሩ ሲም እንደገና ተከፈተ። ማኑዋል አንገቱን ደፍቶ በትንንሾቹ ቁልፎች ላይ መጻፍ ጀመረ። ይሳሳታል፤ ያጠፋል፤ ደግሞ ይጽፋል። እንባው ስክሪኑ ላይ ሲወርድ በእጅጌው ይጠርገዋል። ድምፁ ግን ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ያው የሻጭ ድምፁ።

«የይለፍ ቃል ያስፈልጋል ጋሼ። የማይረሱትን አንድ ቃል ይንገሩኝ።»

ኮንትራክተሩ ጣራ ጣራ እያየ አሰበ።

«የእናቴን ስም አድርገው» አለ። «እሱን እንኳ አልረሳም።»

ፊደል በፊደል ነገረው። ማኑዋል ፊደል በፊደል ጻፈ።

«አሁንም ይድገሙልኝ ጋሼ» አለ። «ሁለት ጊዜ ነው የሚጻፈው።»