ቅቤ የዋጠው ትራምፔት

ባለፈው ሳምንት ሌሞ ሠርግ ተጠርቼ አጣካና ቀረበልኝ። ቡላው ከሥር የት እንዳለ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው፤ ከላይ የተንሳፈፈው ቅቤ ግን ዋና የማይችል ሰው ያሰጥማል። ማንኪያዬን ሳነሳ ከድንኳኑ ድምፅ ማጉያ አንድ ትራምፔት ጮኸ፤ ከሥሩ ያ ዳሌ የሚያወዛውዝ የላቲን ምት። ሳህኑን ገፋሁት።

«የሀዲያ ልጅ ሆነህ ቅቤ ትጸየፋለህ?» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ሎምቤቦ።

«ሐኪም ከልክሎኝ ነው።»

የትኛውም ሐኪም አልከለከለኝም። ነገሩ የጋሽ ኤርሲዶ ነው።

ጋሽ ኤርሲዶ በደርግ ጊዜ ግብርና እንዲማሩ ኩባ ተልከው፣ ትራምፔት ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሆሳዕና ውስጥ የኪነት ቡድናችንን ያሠለጥኑ ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከበሮ እመታለሁ፣ ከምመታው በላይ ደግሞ እቀልዳለሁ። ጋሼ የላቲኑን ምት ከጃዝ ጋር ድረው፣ የእኛን ጭብጨባ ሚዜ አድርገው አንድ ሙዚቃ ደረሱ። አራት ዓመት ፈጀባቸው። ከሆመቾ እስከ ሀደሮ ያንን ሙዚቃ የሰማ ፍጡር ቢኖር እኛና የጎረቤት ዶሮዎች ብቻ ነን። አንድ ቀን ግን የሬዲዮ ሰዎች ሊቀርጹን ከአዲስ አበባ መጡ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ይስማልኝ፣ ከዚያ በሬ ጠምጄ እኖራለሁ» አሉ ጋሼ። ትራምፔቱን ሰጡኝና «ማርቆስ፣ ቁልፎቹ አልታዘዝ ብለውኛል። ሰፊው ጋ ሂድና የስፌት መኪና ዘይት ተቀብለህ ቀባልኝ» ብለው እንግዶቹን ሊቀበሉ ሄዱ።

ሰፊው ለቅሶ ሄዶ ሱቁ ተዘግቷል። እኔም አሰብኩ፤ የጎዳኝ ማሰቤ ነው። በእኛ ቤት እምቢ ላለ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ቅቤ ነው፤ ለታመመ ወገብ፣ ለተነፋ የጥጃ ሆድ፣ ሲጢጥ ለሚል በር። ከእማዬ ማሰሮ የበሰለውን ጨልፌ አቀለጥኩ። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል ብል ብዙም አላጋነንኩ፤ ሽታው ውሻ ያስነጥሳል። ስቀባው ቁልፎቹ እንደ ዓሣ ተንሸራተቱ። በጥበቤ ኮራሁ።

ሐምሌ ነበር። ብርዱ አዳራሹ ውስጥ ከሰው ቀድሞ የፊት ወንበር ይዟል። ጋሼ ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ዜማ ጣራውን አንስቶ ዱራሜ አደረሰው። ከዚያ ቅቤው ረጋ። መሀለኛው ቁልፍ ወርዶ ቀረ፤ ትራምፔቱ እንደታነቀ ጥጃ አጓራ። ሊከፍቱት ወደ ውስጥ ቢስቡ የስንት ዓመት ቅቤ አፋቸው ገባ። ቢጫ ነገር በአገጫቸው ወረደ፤ መድረኩ ላይ አስመለሳቸው።

«ከኩባ ያመጡልን ይሄንን ነው?» አሉ እንግዶቹን ይዘው የመጡት የባህል ቢሮ ኃላፊ ከፊት ተነስተው። የሬዲዮው ሰው ጣቱን ወደ ቴፑ ላከ።

ጋሼ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። የእኛ ሰው ናቸው፣ ሽታውን ለይተውታል። ቅቤው ጉሮሯቸው ላይ ተለጥፎ ከሹክሹክታ በላይ አይወጣቸውም። «ቅቤ ነው በላቸው፣ ማርቆስ። በሙቅ ውሃ አጥበነው እንመለሳለን። ሙዚቃው አይደለም በላቸው።»

አዳራሹ ሙሉ እኔን ያያል። ቅቤ ቀባሁ ብል ዕድሜ ልኬን መሳቂያ መሆኔ ነው። አፌን ከፈትኩ።

«ምንም አይደል፣ ትራምፔቱ ኩባ ናፍቆት ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው እንባቸውን ጠረጉ። የሬዲዮው ሰው ቴፑን ዘግቶ «ቀጣይ ቡድን» አለ። ከቀለድኩት ሁሉ የዚያን ያህል የተሳቀበት የለም።

ጋሼ አልተቆጡኝም። ትራምፔቱን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ። ክረምቱ ሳያልቅ አንጋጫ የግብርና ሥራ ያዙ፤ ያንን ሙዚቃ ዳግመኛ እንዳልነፉት ሰማሁ። ሰው ቅቤውን የምጸየፍ ይመስለዋል። እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ያ ሳቅ ነው፤ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሎምቤቦ ሳህኔን ወደ ራሱ ስቦ «እሺ፣ ካልበላህ ቀልድ አምጣ» አለኝ። ጠረጴዛው ሁሉ ዞረ፤ የለመደው ነው።

«ቅቤ ነበር» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሙዚቃው አልነበረም። እኔ የቀባሁት ቅቤ ነበር።»

ሎምቤቦ አፉ እንደሞላ፣ የቀልዱን መጨረሻ ሳይጠብቅ መሳቅ ጀመረ።