ጅቡቲ ላይ አክስት የሆንኩባቸው ሦስት ቀናት

ከድሬዳዋ በባቡር የሄድኩት ልጄን ልመልሳት ነው። ባሕሩን ተሻግራ እንዳትጠፋብኝ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ጣቢያ ተቀብላኝ፣ ሻንጣዬን ሳትይዝልኝ ሌላ ፍርሃት ሰጠችኝ።

«እማ፣ እዚህ አማርኛ እንዳታወሪ። አሠሪዬ የሶማሌ ልጅ ነኝ ስላልኳት ነው የቀጠረችኝ። አንቺ ሀበርያሬ ነሽ።»

ሀበርያር በሶማልኛ የእናት እህት ማለት ነው። እኛ ግቢ ሦስት ቋንቋ ስለሚወራ ልጄ ሶማልኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ነው የለመደችው። እኔ ለገበያ ያህል እሰማለሁ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ወረቀትና ፖሊስ ሲባል እፈራለሁ። ከታወቀባት ያባርሯታል። እሺ አልኳት።

የምትሠራው ስልክ የሚሸጥበት የመስታወት ሱቅ ነው፤ ውስጡ ይበርዳል። ከበሩ ሲወጡ ግን ልክ እንደኛው ቀፊራ ገበያ ነው፤ ሎሚ መሬት ላይ የደረደሩ፣ ቅመም የሚሰፍሩ፣ ዓሣ የሚበልቱ። ሴቶቹ በአንድ እጃቸው ስልክ ይነካካሉ፣ በሌላው ዝንብ ያባርራሉ። አፌን ዘግቼ በመካከላቸው ስዞር ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ዓሣ ሻጩ ዋጋ ሲነግረኝ፣ «አቦ፣ ቀንስ እንጂ» የሚል አመለጠኝ።

ሰውየው ቢላዋውን አስቀምጦ ሳቀ። «እናቴ፣ ከድሬ ነሽ እንዴ?» አለኝ በአማርኛ። «እኔም ከዚራ ኖሬያለሁ። ይቺን አቦ የት ትደብቂያታለሽ?»

ቀነሰልኝ። እኔ ግን ዓሣውን ትቼ ሮጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ልሰናበት ሱቅ ገባሁ። አሠሪዋ ደግ ሴት ናት። እጄን በሁለት እጇ ይዛ በሶማልኛ ቀስ ብላ አወራችኝ፤ ሁሉም ገባኝ።

«እህትሽን አላህ ይማራት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ይቺን ልጅ ያሳደግሻት አንቺ ነሽ አሉ።»

ልጄን አየኋት። የስልክ ልባስ እያነሳች እዚያው መልሳ ታስቀምጣለች። ቀና አላለችም። ሴትየዋ እጄን እንደያዘች መልስ ትጠብቃለች።

«አሚን» አልኩ።

ጣቢያ ስትሸኘኝ፣ «እናትሽ የት ናት፣ አገናኚኝ እያለች ስታስጨንቀኝ ነው እማ፤ እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም» አለች።

«ነይ እንሂድ በቃ።»

«አንድ ዓመት ብቻ።»

አምናም እንዲሁ ብላኝ ነበር። ብቻዬን ተሳፈርኩ።

ጎረቤቶቼ «ልጅሽ እንዴት ናት?» ሲሉኝ፣ «ደህና ናት፣ ባሕሩን አሳየችኝ» እላለሁ። ባሕሩን በቅጡ እንኳ አላየሁትም። ልጄ ስትደውል ስልኩን አነሳና ቶሎ አልናገርም። ማን ብላ እንደምትጠራኝ እስክሰማ ዝም እላለሁ።