በእህቴ ፈንታ የወጣልኝ ስም

የረጠበ የበግ ጸጉር ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ የገባ እንደሆነ፣ ዛሬም መካነ ሰላም ያለው የልጅነት ቤታችን እንዳለ ይመጣብኛል። አባቴ ባና የሚባለውን የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ ይነግድ ነበር፤ ከአጅባር ገበያ እየገዛ፣ በመኪና አስጭኖ ያመጣና፣ ክረምት ሲሆን መደብሩ ስለሚያፈስ ግማሹን እኛው ሳሎን ውስጥ ይከምረው ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ እርጥበቱ ሲገባ፣ ባናው ያንን የበግ ጉረኖ ሽታውን ይለቀው ነበር። ከክምሩ ጀርባ አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ነበረች፤ በውስጧም የእህቴ የትርንጎ ሁለት ቀሚሶችና የአንገት ጨሌዋ ተጣጥፈው ተቀምጠው ነበር።

ትርንጎን አላውቃትም። እኔ ከመወለዴ አንድ ዓመት አስቀድማ፣ በአራት ዓመቷ፣ ኩፍኝ ይዟት ሞታለች። እኔ ስወለድ አባቴ ምትኬ ብሎ ስም አወጣልኝ። ሰው ሁሉ ስሙን ይወደው ነበር፤ ቤታችን የመጣ ዘመድ እኔን እያየ እናቴን «እሰይ፣ እግዜር ተካሽ» ይላት ነበር እንጂ፣ እኔን ጎንበስ ብሎ ምን ትወጃለሽ፣ ምን ትጠያለሽ ያለኝ አልነበረም። እናቴ ከጓዳ ስትጠራኝ ብዙ ጊዜ «ትር...» ብላ ትጀምርና፣ ትንሽ ዝም ብላ፣ «ምትኬ» ብላ ትጨርሰው ነበር። ያቺን ዝምታ ጠንቅቄ አውቃታለሁ። በዚያች ዝምታ ውስጥ እናቴ የምትፈልገው እኔን እንዳልሆነ እየተሰማኝ፣ ሰምቼ እንዳልሰማ እቀመጥ ነበር።

ከፍ ስል ቀሚሶቹን አለበሰችኝ። አንድ ቀን አጥር ስዘል አንደኛው እሾህ ያዘውና እስከ ወገቤ ተተረተረ። እንደ ሌሎች እናቶች ብትገርፈኝ በወደድሁ፤ እሷ ግን ቀሚሱን አውልቃ፣ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ራቁቴን ቆሜ ብርድ እያንቀጠቀጠኝ ነበር። እግሬም ደምቶ ነበር፤ አላየችውም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ግን ምትኬ ብለውኝ አያውቁም። በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከአጥር ማዶ የሚሰማ ሴትዮ ነበሩ። በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ ጎረቤትም የወደደውን ስም ያወጣ ነበርና፣ እሳቸው ሐያት ብለውኝ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ሕይወት ማለት ነው፣ ያንቺው የራስሽ ሕይወት፣ አሉኝ። ወድቄ ሳለቅስ «አብሽሪ ሐያት» ሲሉኝ ለቅሶው ወዲያው ይተወኝ ነበር። ከአጥር ማዶ በዚያ ስም ሲጠሩኝ፣ የያዝሁትን ሁሉ ጥዬ እሮጥ ነበር።

መስከረም ጠባና ሰባት ዓመት ሲሞላኝ፣ አባቴ ትምህርት ቤት ወስዶኝ፣ የባና ጭነት የሚያራግፍ መኪና ስለደረሰበት ሰልፉ ላይ አቁሞኝ ሄደ። ተራዬ ሲደርስ መምህሩ ሳያዩኝ ስም ብለው ጠየቁኝ። አስቀድሜ ያሰብኩት አልነበረም፤ ሐያት አልኩ። የአባቴን ስም ጠየቁኝ፤ ደምሴ አልኩ። በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ስምና የአባት ስም ማንንም ስለማያስገርም፣ ሐያት ደምሴ ብለው ጻፉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ሐያት፣ ቤት ምትኬ ሆኜ ወራት አለፉ። ሐያት ጎበዝ ነበረች፤ እጇን ታወጣለች፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ምትኬ ማታ ባናው ላይ ተኝታ ነገ እስኪነጋ ትጠብቅ ነበር።

ጥምቀት አልፎ፣ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ካርድ ተሰጠን። መደበቅ ነበረብኝ፤ ነገር ግን ሦስተኛ ወጥቼ ነበርና፣ መመስገን አማረኝ። አባቴ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው፤ ደረጃውን ሲያይ ፊቱ ፈካ፣ ቀጥሎ ወደ ላይኛው መስመር ሄደ።

«ይቺ ሐያት ማናት?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳይመታኝ፣ ሳይቆጣኝ፣ ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። በማግስቱ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ወሰደኝ። መምህሩ ማስመሪያ አስደግፈው፣ መዝገቡ ላይ ሐያት የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙና ከላዩ ምትኬ ብለው ጻፉ። ስንመለስ እያለቀስኩ ለምን አልኩት። መንገድ ዳር ቆመ።

«ያንን ስም ያወጣሁት አንቺን ልጠራበት ብዬ አይደለም» አለኝ። «እናትሽን ከተኛችበት ላስነሳበት ብዬ ነው። አንቺ እስክትመጪ ድረስ በወጉ እህል አትቀምስም ነበር። አሁን ስሙን ብንነሳት ተመልሳ ትተኛለች።»

«እሺ፣ የኔስ?» አልኩት።

እጄን ጎትቶ መንገዱን ቀጠለ።

የባሰው ግን በኋላ መጣ። አባቴ እትዬ ዘሃራ ቤት ገብቶ ረዘም ላለ ሰዓት ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ እሳቸውም ሐያት ማለት ትተው ልጄ ይሉኝ ጀመር። መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ሲጀምር፣ ሆን ብዬ አጥሩ ሥር እየቆምኩ ባልዲ እደበድብ ነበር፤ ቢናደዱ እንኳ በስሜ ይቆጡኝ ይሆናል ብዬ። አንድ ቀን ወጡና ምን ሆንሽ ልጄ አሉኝ። በስሜ ይጥሩኝ አልኳቸው። ወደ ቤታችን በር አየት አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ላባትሽ ቃል ሰጥቻለሁ፤ እንዴት አርጌ ልብላው?»

እስከ ክረምት አላናገርኳቸውም። ኋላ ታረቅን፣ አድጌም ቤታቸው እየሄድኩ ስጠይቃቸው ኖርኩ፤ ነገር ግን አፈር እስኪገቡ ድረስ ቃላቸውን ጠበቁ። ሁሉም ለእናቴ አዝነው ያደረጉት እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል። ቢገባኝም ንዴቱ አልወጣልኝም።

አሁን እዚያው መካነ ሰላም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ፣ እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ፊቷን ሳታነሳ፣ ትርንጎ ብንላትስ አለችኝ። አፏን ሳትዘጋ አይሆንም አልኳት፤ ፍጥነቴ እኔኑ አሳፈረኝ። እናቴ ደግማ አላነሳችውም። እኔና ባለቤቴ ከማንም ሙት፣ ከማንም ሕያው ጋር ያልተነካካ ስም ስንፈልግ ሰንብተን፣ ኤልዳና አልናት። እናቴ እስካሁን በወጉ አትጠራውም።

አምና ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ክፍሏ ውስጥ ሦስት ኤልዳናዎች ተገኙ። መምህርቷ በቁመት አሰልፋ ቁጥር ሰጠቻቸው፤ የኔዋ ኤልዳና ሦስት ሆነች። ይህን የሰማሁ ዕለት ደሜ ፈላ፤ ያን ሁሉ መርጬ፣ አያቷን አስቀይሜ፣ ልጄ በቁጥር ትጠራ! ነገ ሄጄ አስተካክላለሁ ብዬ ስፎክር፣ ልጄ የቤት ሥራዋን እየሠራች ትሰማኝ ነበር። አንቺን አያናድድሽም ወይ አልኳት።

«ለምን ያናድደኛል እማዬ? ሦስት ስትል እኮ እኔን ነው» አለችኝና ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

በሷ ዕድሜ ምትኬ የሚለው የኔ ስም ክፍሉ ውስጥ አቻ አልነበረውም፣ ትርጉሙም ለሰማው ሁሉ ደስ ያሰኝ ነበር። እናቴ ከጓዳ ስትጠራው ግን፣ እኔን ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳ ተማምኜ አላውቅም።