ባዶ ወንበር ፊት የነቀነቅኩት ራስ

እኔ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አልችልም። ሥራዬ ግን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሆሳዕና ውስጥ ለቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ እሠራለሁ። ባለሥልጣን ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ከጠረጴዛው ሥር እግሬ አያርፍም። ካሜራማኑ «አንተ ሰውዬ፣ ምስሉን ልታንቀጠቅጥብኝ ነው» እያለ ይቆጣኛል።

የዚያን ሰሞን የባሰብኝ በታላቅ እህቴ ምክንያት ነው። የምትኖረው ከሆመቾ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። የመንደራቸው የውሃ ቦኖ ከተበላሸ ወራት ስላለፉት ልጇ ጠዋት ጠዋት ወንዝ ትወርዳለች። ጄሪካኗን ሞልታ እስክትመለስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሚኒስትሪ ትፈተናለች።

የውሃ ቢሮ ኃላፊውን በቴሌቪዥን ልጠይቅ መሆኔን እህቴ ስትሰማ ደወለችልኝ። «አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ። ቦኖው መቼ ነው የሚጠገነው? ቅርብ ከሆነ የሚያመኝ ወገቤም ቢሆን ይችለዋል፣ እስከዚያ እኔ እወርዳለሁ። ከራቀ ግን ልጅቷ አንተ ጋ መጥታ ትማር።»

«ችግር የለም እትዬ፣ አፋጥጬ ነው የምጠይቅልሽ!» አልኳት። ጉራዬ! የኋለኛዋን ነገር እንዳልሰማ አለፍኳት። የምኖረው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው፤ እንደ ልቤ ወጥቼ ስገባ የሚጠይቀኝ የለም።

እኛ ዘንድ ጥያቄ አስቀድሞ ተጽፎ ለእንግዳው ቢሮ ይላካል። የኔም ሄዶ ተመለሰ። «መቼ» የምትለዋ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባት፣ ከጎኗ «ለስለስ ትበል» ተብሏል። ደሜ ፈላ። ሞቼ ነው የማለሰልሳት አልኩ።

ጠየቅኩም። ኃላፊው ፈገግ ብለው «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። ጥያቄህን ካሞገሱልህ መልስ የለም፤ ይሄን እንጀራዬ አስተምሮኛል። «እንደሚታወቀው የመሠረተ ልማት ጉዳይ ሂደት ነው። ከዚህ አንጻር ከባለድርሻ አካላት ጋር ርብርብ እየተደረገ ነው።»

«መልካም፤ ቦኖው መቼ ይጠገናል?»

ስለ ችግኝ ተከላ ነገሩኝ። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ! ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኩ። ሰዓታቸውን አየት አደረጉና «አቅጣጫ ተቀምጧል፤ ኅብረተሰቡ በትዕግሥት ይጠብቅ» አሉ። አራተኛው ጥያቄ ምላሴ ላይ ነበር። ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ «ለሰጡን ማብራሪያ እጅግ እናመሰግናለን» ብዬ ዘጋሁት። ፈሪ!

ደረጃው ድረስ ሸኘኋቸው። ካሜራ በሌለበት ትከሻዬን መታ አድርገው «በእውነቱ ዘንድሮ የሚሆን አይመስለኝም» አሉኝ። እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ይባል ነበር ለካ።

ስመለስ ካሜራው ወደ እኔ ዞሯል። ሁሌም የምናደርገው ነው፤ እንግዳው ከሄደ በኋላ ባዶ ወንበሩ ፊት ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ንግግሩ የተቆረጠበት ቦታ እንዳይታወቅ የኔ ምስል መሃል ይገባል። «ነቅነቅ አድርግ፣ የገባህ ምሰል» አለኝ ካሜራማኑ። ነቀነቅኩ። የማስበው ስለ ምሳ ነበር።

እሁድ ከቸርች መልስ እህቴ ቤት ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ «አየንህ» አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ አይቶኛል። ሁለቱ «መቼ»ዎቼ ተቆርጠው ወጥተዋል። የቀረው አንዱ ጥያቄ ነው፣ ከዚያ «በትዕግሥት ይጠብቅ»፣ ከዚያ የኔ ራስ፣ ላይ ታች፣ ላይ ታች። አፈርኩ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ሰውዬው ከሄዱ በኋላ የተቀረጸ ነው። ፊቴ ባዶ ወንበር ነበር።»

«ታዲያ ለወንበር ነው ራስህን የምትነቀንቀው?» ብላ ሳቀችብኝ። ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ። «ይሁን፣ እሳቸው አልተናገሩም። አንተ ግን ከነሱ ጋር ነው የምትውለው። እውነቱን ንገረኝ፣ ዘንድሮ ይጠገናል ወይስ አይጠገንም?»

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የሒሳብ ደብተሯን ዘርግታ ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታየኝ ጀመር። «አይጠገንም» ብል ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ ልብሷን ሸክፋ አብራኝ ትመጣለች። ተነሳሁ። መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እኛ ቤት የሚወራው በሀድይኛ ነው፤ እህቴም የጠየቀችኝ በሀድይኛ ነው። ከአፌ የወጣው ግን የቢሮ አማርኛ ነው።

«እንግዲህ… ነገሩ ሂደት ነው። እየተሠራበት ነው።»

ልጅቷ እያየችኝ ራሷን ነቀነቀች፣ ልክ በቴሌቪዥን እንዳየችኝ፣ ላይ ታች። ደብተሯን አጠፈችና ጄሪካኗን አንስታ ወጣች።