ከኋላዬ የሚሄደው ባለ ኮፍያ

ማጅራቴን የተመታሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ከሩዋንዳ ሰፈር ወደ አትላስ፣ ወደ ቢሮዬ፣ ስልኬን እየነካካሁ ስሄድ አንዱ ከኋላ መጥቶ አጮለኝ። ስነቃ መሬት ላይ ነኝ፤ ስልኬ የለም፤ አንዲት የማላውቃቸው እናት ፊቴ ላይ ውሃ ይረጫሉ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ደቂቃ መንገድ ታክሲ መጥራት ጀመርኩ። ስልኩማ ይተካል፤ እግር እያለኝ መራመድ መፍራቴ ግን አንገበገበኝ።

አባዬ ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ስለሆነ የማንኛውም ችግር መፍትሔው የእግር ጉዞ ነው። “እኔ እሸኝሻለሁ” አለና ሸኘኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ቢሮ በር ላይ ደርሶ የጥበቃውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ “አደራ፣ ልጄን” ሲል ባልደረቦቼ በመስኮት ያዩ ነበር። በሦስተኛው ቀን “አባዬ፣ ይበቃል፤ ከነገ ጀምሮ ብቻዬን ነኝ” አልኩት። “እሺ” አለኝ። አባዬ ያለ ክርክር እሺ ሲል ሰምቼ አላውቅም። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነበር።

ብቻዬን ሄድኩ። መጀመሪያ ግድግዳ ታክኬ ነበር የምሄደው፤ በሳምንቱ ቀለል አለኝ፤ በሁለት ወር ጭራሽ መካሪ ሆኜ አረፍኩት። ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር “ፍርሃት እኮ የሚለቀው በልምምድ ነው” እያልኩ ባልደረቦቼን አሰለቸኋቸው።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን አንድ የቀድሞ ፖሊስ ጋብዞ ጥቃትን ቀድሞ ስለማወቅ አሠለጠነን። አሠልጣኙ ምልክቶቹን ነገሩን፦ ስትቆሙ የሚቆም፣ ከአየሩ ጋር የማይሄድ ልብስ የለበሰ፣ ፊቱን የሸፈነ፣ የሚነበብ በሌለበት የሚያነብ። “ከኋላችሁ ማን እንዳለ እወቁ” አሉ። ከፊት ስለሚመጣው ከሻይ በኋላ እንነጋገራለን ብለው ነበር። ሳምቡሳው ጥሩ ስለነበር ሻዩ ረዘመና በዚያው ተበተንን።

በማግስቱ ጠዋት ምልክቶቹ በሙሉ አንድ ሰው ላይ ተሰብስበው መጡልኝ። በዚያ ፀሐይ ባለ ኮፍያ ሹራብ፣ ጥቁር መነጽር፣ ማስክ። ስቆም ቆመ። ስሻገር ተሻገረ። ዞር ስል የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ “ሞግዚት እንፈልጋለን” የሚል ወረቀት በጥሞና ማንበብ ጀመረ። እርምጃዬን አፈጠንኩ።

“እህት፣ ሰዓት ስንት ነው?” አለኝ ከፊቴ አንድ ሽክ ያለ ወጣት፣ እንደ ሰርግ ሚዜ ፈገግ ብሎ። እጁ ላይ ሰዓት አስሯል። ሰዓቱን አይቼዋለሁ፤ ግን ሐሳቤ ሁሉ ባለ ኮፍያው ላይ ስለነበር ምንም አልመሰለኝም። እንዲያውም ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። አዲሱን ስልኬን አውጥቼ “ሁለት ሰዓት ተኩል” ስለው ባለ ኮፍያው ወደ እኔ መሮጥ ጀመረ።

ሥልጠናው “ጩኹ፣ በእጃችሁ ያለውን ተጠቀሙ” ይላል። በእጄ የነበረው ምሳ ዕቃዬ ነው። “ሌባ” ብዬ እየጮኽኩ ግንባሩ ላይ አሳረፍኩለት። ክዳኑ ተከፈተና ሽሮው ከመነጽሩ እስከ አገጩ ወረደ። ጩኸቴን ሲሰማ ሰዓት ጠያቂው ፈረጠጠ፤ አብሮት ደግሞ ከቆመ መኪና ጀርባ መጥቶ ማጅራቴ ላይ ክንዱን ያነሳ ሌላ ሰው ፈረጠጠ። ክንዱን ማንሳቱን ኋላ ሰዎች ነገሩኝ እንጂ እኔ ያየሁት ጀርባውን ብቻ ነው።

የሸገር ሰው ሌባ ሲባል አይዘገይም። ተራ አስከባሪው ዱላውን ይዞ መጣ፤ ዳቦ የያዙ አንዲት ሴትዮ ዳቦውን ለሰው አስይዘው ነጠላቸውን ታጠቁ። ባለ ኮፍያው ከማስኩ ሥር “አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ሽሮ ለአንድ ሰው ነው?” አለ።

“አባቴ ነው” ብዬ ላዩ ላይ ተጠመጠምኩ።

ሴትየዋ ቅር እንዳላቸው “ታዲያ አባትሽ ሌባ ነው?” አሉኝ።

የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥንና ፊቱን በሻርፔ ጠረግኩለት። “ምን ልትሠራ መጣህ ዛሬ?” አልኩት።

“ዛሬ?” አለ ሽሮውን እየላሰ። “ዛሬማ ሥልጠና ወስደሽ ነው የያዝሽኝ።”

“ሁለት ወር ሙሉ?”

“ቅዳሜና እሑድን ሳይጨምር።”

ጎበዝ ነኝ እያልኩ በተመጻደቅኩበት መንገድ ሁሉ ከኋላዬ ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሽማግሌ የወንድሜን ሹራብ ለብሶ ያልበው ነበር ማለት ነው። ተናደድኩ፣ አፈርኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። “ደግሞ ከኋላሽ ብቻ ነው እንዴ የምታዪው?” አለኝ። “ክፉ ሰው ከፊት ነው ፈገግ ብሎ የሚመጣው።”

ከእንግዲህ ከኋላዬ እንደማይሄድ አስማልኩት።

ሰኞ ብቻዬን ወጣሁ። ሃያ ጊዜ ዞር አልኩ፤ ማንም የለም። ምሰሶው ጋ ስደርስ ፍርሃቱ ተመለሰብኝ፤ ቢሆንም አልቆምኩም፤ ከፊቴ የሚመጣውንም ሁሉ እጅ እጁን እያየሁ አለፍኩ። ቢሮዬ በር ላይ ደርሼ ደወልኩለት። “አባዬ፣ ደረስኩ። ብቻዬን።”

“አየሁሽ። ጎበዝ” አለኝ።

ከመንገዱ ማዶ ካፌው በረንዳ ላይ ቀድሞኝ የደረሰ ባለ ኮፍያ፣ ግንባሩ ገና ያበጠ፣ ማኪያቶውን ወደ እኔ አነሳ። ስልኩን ዘግቼ ተሻገርኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ሥራ አርፍጄ ገባሁ።