ሽቦ ቀይድ አይሆንም

ዛሬ ጠዋት ላሊበላ፣ የኪራይ በቅሎዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ላይ፣ የፊት እግሮቿ በሽቦ ተጠፍረው የሚደሙ በቅሎ አየሁ።

ባለቤቷን፣ ሙሉ ጎልማሳ ነው፣ «ይህ ምን ዓይነት ቀይድ ነው?» አልሁት።

«ቀይድ ደግሞ ምንድን ነው የኔታ? እንዳትጠፋብኝ ነው ያሰርኋት።»

«በግእዝ እኮ ነው የሚያናግሩህ!» አለ ጓደኛው፤ ተሳሳቁ። የገዛ አያቱ አማርኛ ግእዝ ሆነበት!

ቀይድ ማለት የከብትን የፊት እግሮች በለስላሳ ጠፍር፣ በመካከላቸው አንድ ስንዝር ትቶ ማሰር ነው። ከብቱ እየተራመደ ይግጣል፤ ርቆ ግን አይጠፋም፣ የሰው አዝመራም አይገባም። አባቶቻችን ካሰሩ በኋላ በጠፍሩና በእግሩ መካከል ሁለት ጣት ያስገቡ ነበር፤ ጣት ካልገባ ግፍ ነው ይሉ ነበር።

«እስቲ ጣትህን አስገባ» አልሁት።

ሞከረ፤ አልገባም። ሳቁም ቆመ።

ሽቦውን በገዛ እጁ አስፈታሁት። በቅሎዋ ግን ሣሩ ፊቷ እያለ እግሯን አላነሣችም፤ መፈታቷን አላመነችም።

ቁጣዬ እስካሁን አልበረደም። እናንተስ አገር ከብት ሲታሰር ልኩ ምን ነበር? ስሙንም ሥርዓቱንም የምታውቁ ጻፉልን።